ልጆች ይዞ ዱባይ መኖር፦ ከመሄድ በፊት የሚሠራ ሂሳብ

(በመቱ በማኅበራችን አባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

 

በቁጠባ ቀን መዝገብ ስይዝ ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አለ፦ «ባለቤቴ ዱባይ ሥራ አግኝቷል፤ ልጆቹን ይዤ ልከተለው ወይስ እዚሁ ልቆይ?» የምትጠይቁኝ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር እዚያ አራት ዓመት ስለኖርኩ ነው። በቤት ሠራተኝነት ለብቻቸው የሚሄዱ እህቶቻችን ጉዳይ ራሱን የቻለ ነው፤ ዛሬ የማወራው ቤተሰብ ይዞ ስለመኖር ነው። ሂጂ ወይም ቅሪ ልላችሁ አልመጣሁም። የባልን ደመወዝ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፣ የራሳችሁንም ድርሻ ቁጠሩ ልላችሁ ነው።

በመኖሪያ ፈቃዱ ልጀምር። ባል ሚስቱንና ልጆቹን ለማስመጣት ደመወዙ ቢያንስ 4,000 ድርሃም፣ ወይም 3,000 ድርሃም ከመኖሪያ ቤት ጋር መሆን አለበት። የሚስት ፈቃድ በባል ፈቃድ ላይ፣ የባል ፈቃድ ደግሞ በሥራው ላይ የተንጠለጠለ ነው። እሱ ከሥራ ከወጣ የሁላችሁም ቀን መቆጠር ይጀምራል። እዚያ የተወለደ ልጅም በመወለዱ ብቻ ዜግነት አያገኝም። ሚስት መሥራት ትችላለች፤ ነገር ግን በስሟ የሥራ ፈቃድ መውጣት አለበት።

ወደ ወጪው ስንመጣ፣ ከደመወዝ ግብር አይቆረጥም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግዢ ላይ 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። የቤት ኪራይ በአብዛኛው የሚከፈለው የዓመቱን በጥቂት ቼኮች ከፍሎ ነው። የውጭ ዜጋ ልጅ ደግሞ በአብዛኛው በግል ትምህርት ቤት በክፍያ ይማራል።

እስቲ ለምሳሌ ያህል 6,000 ድርሃም ደመወዝ እንውሰድ። ለጠባብ ቤት ኪራይ 2,300፣ ለአንድ ልጅ ትምህርት ቤትና ሰርቪስ 900፣ ለምግብ 1,300፣ ለትራንስፖርት 400፣ ለመብራት፣ ለውሃና ለስልክ 500 ብንል ድምሩ 5,400 ነው። የሚተርፈው 600 ድርሃም ነው፤ በዓመት 7,200። ከዚያ ላይ ፈቃድ ማደሻ፣ የሕክምና ኢንሹራንስና የአውሮፕላን ቲኬት ይወጣል። እዚህ ሆነን ግን 6,000ውን በብር አባዝተን እንደነቃለን። በተለይ ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ መተመን ከጀመረ ወዲህ ቁጥሩ ያጓጓል። እህቶቼ፣ ወጪውም በድርሃም ነው። በብር ማባዛት ያለብን ደመወዙን ሳይሆን ትርፉን ነው።

በገንዘብ የማይጻፍ ወጪም አለ። በመቱ ዝናብና ጥላ ያደገች ሴት፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን ልጅ ይዛ ወራት ቤት ትዘጋለች። ጤፉ በአውሮፕላን የመጣ ነውና ከሩዝ ዱቄት ጋር ቀላቅላ ትጋግራለች። ቡና ስትቆላ ጭሱ የእሳት ማስጠንቀቂያውን እንዳይቀሰቅስ ትሳቀቃለች፤ ቡናው ቢፈላም «ቡና ጠጡ» ተብሎ የሚጠራ ጎረቤት የለም። ልጁ በእንግሊዝኛ ይማራል፣ አረብኛም ይጨመርበታል። ቤት ውስጥ ኦሮምኛውን ወይም አማርኛውን በየቀኑ ካላናገራችሁት፣ አያቱ ስትደውል ስልኩን ይዞ ዝም ይላል። እኛ ማታ ማታ ራት ላይ ከቋንቋችን በቀር ሌላ አይወራም ብለን ደንብ አውጥተን ነበር፤ ጠቅሞናል።

መልካሙንም ልንገራችሁ። ልጅ አባቱን በስልክ ሳይሆን በአካል ያውቀዋል። ኢትዮጵያውያን እዚያም ዕቁብ ይጥላሉ፤ የወለደችን ያርሳሉ፣ ያዘነን ያጽናናሉ። ይህን በገንዘብ አልተምነውም።

አሁን ወደ ራሳችሁ ድርሻ ልመለስ። እዚህ ተቀጥራችሁ ስትሠሩ ጡረታ አለ፤ በግል ድርጅት እናንተ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ በየወሩ ያስቀምጣል። ሥራ ለቅቃችሁ ስትሄዱ ይህ ይቆማል። እዚያ በግል ድርጅት ለሚሠራ የውጭ ዜጋ ወርሃዊ ጡረታ የለም። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ሰው ሥራ ሲለቅ፣ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ ይታሰብለታል። ያም የሚከፈለው ለሠራው ለባል ነው። የምታበስለው፣ የምታጥበው፣ ልጅ የምታሳድገው ሚስት በየትኛውም መዝገብ ላይ የለችም።

ስለዚህ ለመሄድ ለምትነሡ ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ የእናንተና የልጆቹ ፓስፖርት፣ የጋብቻና የልደት ማስረጃ ቅጂ በእጃችሁ ይኑር፤ አንድ ቅጂ ደግሞ እዚህ ለታመነ ዘመድ ይሰጥ። ዱባይ የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት አለ፤ በደረሳችሁ ሰሞን ቦታውን እወቁ።

ሁለተኛ፣ ወደ አገር የምትልኩት ገንዘብ በሁለታችሁ ስም በተከፈተ ሂሳብ ይግባ። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ ነው ይላል ሕጉ፤ ቢሆንም ስም ያለበት ደረሰኝ ክርክር ያሳጥራል።

ሦስተኛ፣ ከማኅበራችን ቁጠባ አትውጡ። ትንሽም ብትሆን በስማችሁ የምትገባ ገንዘብ፣ የተመለሳችሁ ቀን ከማንም እጅ ሳትጠብቁ ሥራ ታስጀምራችኋለች።

ባሎቻችሁም ይህን ስሌት አብረዋችሁ ቢሠሩት ደስ ይለኛል፤ የሂሳብ ደብተሩ የሁለታችሁ ነውና። ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ፣ በቁጠባ ቀን የየራሳችሁን እንሠራለን።