የቺፕ ፋብሪካ ለምን ሜልቦርን አይተከልም?

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2017 እዚህ ሜልቦርን፣ አልቶና የነበረውን የመኪና ፋብሪካ ዘግቷል። ታዲያ በምትኩ የስልካችንን ቺፕ የሚያመርት ፋብሪካ ለምን እዚህ አይመጣም?

ብዙዎቻችን የደመወዝ ውድነትን እናነሳለን። ዋናው ምክንያት ግን እሱ አይደለም። አንድ ዘመናዊ የቺፕ ፋብሪካ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይፈጃል፤ አብዛኛው የሚሄደው ለማሽን ነው። ስለዚህ ኩባንያው ወጪውን የሚጋራው መንግሥት ይፈልጋል። የታይዋኑ ቺፕ አምራች ቲኤስኤምሲ በ1987 ሲቋቋም የታይዋን መንግሥት ግማሽ ያህሉን ካፒታል አዋጥቷል። አሜሪካም በ2022 ባወጣችው ሕግ ለአምራቾች ማበረታቻ 39 ቢሊዮን ዶላር መድባለች።

የመብራትና የውኃው ነገርም አለ። ቺፑ የሚሠራበት ስሱ የሲሊከን ዝርግ በየእርከኑ እጅግ በተጣራ ውኃ ይታጠባል። በ2021 ቴክሳስ በብርድ ተመትታ መብራት ሲጠፋ የኦስቲኑ የሳምሰንግ ፋብሪካ ለሳምንታት ሥራው ተስተጓጉሏል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጎረቤት ነው። ኬሚካል አቅራቢው፣ ማሽን ጠጋኙ፣ መሐንዲሱ ሁሉ ቅርብ መሆን አለበት። የታይዋኗ ሲንቹ ይህን የገነባችው በአሥርተ ዓመታት ነው፤ በአንድ ዓመት በጀት አይገዛም።

ሜልቦርንም ባዶ እጇን አይደለችም። ክሌይተን ውስጥ፣ ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ፣ የሜልቦርን ናኖፋብሪኬሽን ማዕከል አለ። ተመራማሪዎች ከራስ እስከ እግር ተሸፍነው፣ አየሩ ከአቧራ በተጣራ ክፍል ውስጥ ጥቃቅን መሣሪያዎችን ይሠራሉ። በሚሊዮን ለማምረት ግን አይደለም። በእኔ እምነት አውስትራሊያን የሚያዋጣት በቅድሚያ እንዲህ ያለውን ባለሙያ ማብዛት ነው። ፊዚክስና ሒሳብ የሚወድ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ይህ የሙያ መንገድ እዚሁ ከተማችን እንዳለ ንገሩት።