ዛሬ ቤትህ ይገባል

የዛሬው ንባባችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ከቁጥር 1 እስከ 10 ነው። መጽሐፍ ቅዱስ በእጃችሁ ካለ ግለጡትና አብረን እንይ።

ኢያሪኮ ከዮርዳኖስ ማዶ ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጣ መንገደኛ የሚያልፍባት ከተማ ነበረች። መንገደኛ ባለበት ደግሞ ቀረጥ አለ። ዘኬዎስ የቀራጮች አለቃ ነበር፤ ሀብታምም ነበር። ሀብቱ ከየት እንደ መጣ አገሬው ያውቃል። ቀራጮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ብለው ሲጠይቁት፣ ከታዘዘው በላይ እንዳይቀበሉ የነገራቸው በከንቱ አልነበረም (ሉቃስ 3፥12-13)።

ይህ ሰው ቁመቱ አጭር ስለ ነበረ ጌታን ለማየት ሾላ ዛፍ ላይ ወጣ። እስቲ አስቡት፤ የቀራጮች አለቃ የሆነ ባለጠጋ፣ እንደ ልጅ ዛፍ ላይ! ጌታም ሥሩ ሲደርስ ቀና ብሎ በስሙ ጠራው። ፈጥኖ እንዲወርድና ዛሬ በቤቱ እንደሚያርፍ ነገረው። መጀመሪያ ዕዳህን ክፈል፣ ከዚያ እመጣለሁ አላለውም። ጸጋው ቀደመ። ይህን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ሰው በከፈለው ገንዘብ አይድንም።

ነገር ግን ጸጋ የገባበት ቤት እንደ ነበረ አይቀርም። ዘኬዎስ ተነሥቶ ቆመ። “ጌታ ሆይ፣ ብዙ በድያለሁ” ብሎ በጅምላ አላለፈውም። የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች እንደሚሰጥ፣ ያታለለው ሰው ቢኖር አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። ቁጥር ጠራ። የሙሴ ሕግ የበደለ ሰው ኃጢአቱን ተናዝዞ፣ የወሰደውን በሙሉ አምስተኛ እጅ ጨምሮ ለበደለው ሰው እንዲመልስ ያዝዛል (ዘኍልቍ 5፥7)። አራት እጥፍ ግን በግ ሰርቆ ባረደ ወይም በሸጠ ሌባ ላይ የሚፈረድ ነው (ዘጸአት 22፥1)። ዘኬዎስ “ሥራዬ ነው፤ ሁሉም የሚያደርገው ነው” ብሎ ራሱን አላጸደቀም። ዳኛ ሳይፈርድበት የሌባውን ቅጣት በራሱ ላይ ፈረደ። ንስሐ ይህ ነው፤ ኃጢአትን በስሙ መጥራትና ከእርሱ መመለስ።

ወገኖቼ፣ አባቶቻችን “ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም” ይላሉ። እኛም ዘንድ እንባ አልጠፋም። እሁድ መድረክ ፊት ተንበርክከን እናለቅሳለን። ሰኞ ጠዋት ሱቃችንን ስንከፍት ግን ሚዛኑ ያው ነው። ቢሮ ስንገባ ባለጉዳዩን እጁ እስኪዘረጋ ድረስ “ነገ ተመለስ” እንላለን። የቤት ሠራተኛችን ያልተከፈላትን ደመወዝ እየጠበቀች ነው። ወንድምና እኅት በአባታቸው ቤት ውርስ ተኳርፈው ከአንድ ማዕድ የጌታን እራት ይወስዳሉ። “ጌታን ተቀብያለሁ” ትላለህ፤ እሰየው! ግን የት አስቀመጥከው? በረንዳ ላይ ነው ወይስ የሂሳብ ደብተርህ ያለበት ክፍል ገብቷል?

አንዳንዱ ደቀ መዝሙር ለመሆን የግድ ሁሉን ትቶ መሄድ ያለበት ይመስለዋል። በእርግጥ ሌዊ የቀረጡን ቦታ ትቶ ጌታን ተከተለ (ሉቃስ 5፥27-28)። ዘኬዎስ ግን ኢያሪኮን ለቆ ሄደ ተብሎ አልተጻፈም። የበደላቸው ሰዎች እዚያው ነበሩ፤ ሂሳቡም የሚወራረደው እዚያው ነው። ደቀ መዝሙር ከጌታው የሚማር፣ የተማረውንም የሚኖር ነው። ለብዙዎቻችን ጥሪው ድሮ በሚያውቁን ሰዎች መካከል በአዲስ ሕይወት መመላለስ ነው።

“የምመልሰው የለኝም” የምትል ወንድም ትኖር ይሆናል። ሂድና እውነቱን ተናገር፤ በትንሹም ቢሆን ጀምር። “የበደልኩት ሰው ሞቷል” የምትይ እኅትም ትኖሪ ይሆናል። ልጆቹን ፈልጊ። ሕጉ የሚቀበል ዘመድ ለሌለው እንኳ መንገድ አበጅቷል፤ ካሳው ለእግዚአብሔር ይሰጣል (ዘኍልቍ 5፥8)። ነገሩ ከባድ ከሆነ ወይም ሌላ ሰው የሚጎዳ ከመሰላችሁ ብቻችሁን አትሂዱ፤ የምታምኑትን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አማክሩ።

ያን ቀን ጌታ በኢያሪኮ የሚያልፈው ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ መስቀሉ እየሄደ ነበር። የዘኬዎስን ዕዳም፣ የእኔንና የእናንተንም ሊሸከም ነው። ዘኬዎስ “ነገ እወርዳለሁ” ቢል ኖሮ ጌታ አልፎ ነበር። እርሱ ግን ፈጥኖ ወረደ፤ በደስታም ተቀበለው። ጌታም መዳን ለዚያ ቤት የሆነው ዛሬ ነው አለ።

እንግዲህ ይህችን ጽሑፍ ከማስቀመጥህ በፊት አንድ ስም አስብ፤ የበደልከውን የአንድ ሰው ስም። ከዚያ እንዲህ ብለህ ጸልይ፦

ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ በስሜ ስለ ጠራኸኝ አመሰግንሃለሁ። ኃጢአቴን አልሸፍንም። በደምህ አንጻኝ። ወደ ቤቴ፣ ወደ ሥራዬ፣ ወደ ገንዘቤም ግባ። ልመልሰው የሚገባኝን እንድመልስ ድፍረት ስጠኝ። ከዛሬ ጀምሮ ልከተልህ። አሜን።

ከጸለይክ በኋላ ተነሥና ወደዚያ ሰው ሂድ። ጌታም አብሮህ ይሄዳል።