ከመጠምዘዝ መማር ይቅደም
ስለ አሮጌ መኪና ኦቶማቲክ ካምቢዮ አያያዝ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በመጨረሻው ክፍል የቴክኒክ ክበብ ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



ጓደኞቻችን ስለ ታሪክ፣ ስለ ጤናና ስለ እርሻ ተናግረዋል። እኛ የመረጥነው አርእስት ግን በግቢያችን ጥግ ከባሕር ዛፉ ሥር ስለምትቆመው አሮጌ የቶዮታ የመስክ መኪና፣ ይልቁንም ስለ ኦቶማቲክ ካምቢዮዋ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ እናያለን። ለፈገግታችሁም ምክንያት አላችሁ። ባለፈው ዓመት በክረምቱ መግቢያ አንድ ማለዳ ባትሪዋ ደክሞ አልነሣ ባለች ጊዜ፣ ከአርባ የማናንስ ተማሪዎች ከኋላዋ ተሰልፈን እየጮኽንና እየዘፈንን ከበሩ እስከ ኳስ ሜዳው ድረስ ገፋናት። እርስዋ ግን እንኳን ልትነሣ አንድ ጊዜም አላሳለች። «እሜቴ» የሚለውን ስም ያወጣንላት ያን ቀን ነው፤ እመቤት በግፊያ አትሄድምና።

ያን ጊዜ ያላወቅነውን ዛሬ አውቀናል። ተራው መኪና ተገፍቶ የሚነሣው ጎማው ማርሹን፣ ማርሹ ፍሪሲዮኑን፣ ፍሪሲዮኑም ሞተሩን ስለሚያዞር ነው። በኦቶማቲክ ካምቢዮ ግን በሞተሩና በማርሾቹ መካከል ያለው ድልድይ ዘይት ነው። ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ ደግሞ የሚዞረው በሞተሩ ኃይል ነው። ሞተሩ ካልዞረ ፓምፑ አይዞርም፤ ፓምፑ ካልዞረ ድልድዩ የለም። ስለዚህ አርባ ተማሪ ይቅርና የሶዶ ገበያተኛ ሁሉ ቢሰለፍ ትርፉ ድካም ብቻ ነው። በዚሁ ምክንያት እንዲህ ያለችውን መኪና ኃይል የሚቀበሉት ጎማዎችዋ መሬት እየነኩ በገመድ ሩቅ መንገድ መጎተት አይገባም፤ ዘይት የማይደርሳቸው የካምቢዮው ክፍሎች እርስ በርስ ይፋጫሉና።

አሁን ስለ አሠራሩ በአጭሩ እንናገር። በእንስራ ውስጥ ያለውን ውኃ በእንጨት ብናማስለው፣ በላዩ የወደቀው ቅጠል እንጨቱ ሳይነካው አብሮ ይዞራል። በካምቢዮው መግቢያም በዘይት የተሞላ ክብ ቤት አለ። በውስጡ እንደ ማራገቢያ ያለ ክንፋም ጎማ ከሞተሩ ጋር እየዞረ ዘይቱን ይወረውራል፤ በፊቱ ያለው ሁለተኛው ክንፋም ጎማም በዘይቱ ግፊት እየዞረ ኃይሉን ለማርሾቹ ያቀብላል። ይህን ኃይልን በፈሳሽ የማስተላለፍ ብልሃት ኸርማን ፌቲንገር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 ዓ.ም. የፈጠረው ለመርከብ ነበር። በ1939 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ «ሃይድራማቲክ» የተባለውን ካምቢዮ በኦልድስሞቢል መኪኖች ላይ አውጥቶ ለሕዝብ መሸጥ ጀመረ።

ከዚህ ክብ ቤት በኋላ ያሉት ማርሾች እንደ ሰማይ አካላት የተደረደሩ ናቸው። በመካከል አንዲት ማርሽ እንደ ፀሐይ ትቆማለች፤ በዙሪያዋ ትንንሽ ማርሾች እንደ ፈለኮች ይዞራሉ፤ ሁሉንም በውስጥ በኩል ጥርስ ያለው ቀለበት ያቅፋቸዋል። አንዱን ክፍል አጥብቆ በመያዝና ሌላውን በመልቀቅ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ማርሽ ይገኛል። የሚይዙትና የሚለቁትም በዘይት ግፊት የሚሠሩ ስስ ሳህኖችና ቀበቶዎች ናቸው። እንግዲህ ዘይቱ ኃይል ያስተላልፋል፤ ሳህኖቹን ይገፋል፤ ብረቱን ያለሰልሳል፤ ሙቀቱንም ተሸክሞ ወደ ራዲያተሩ ያወጣል። አንድ አገልጋይ አራት ሥራ ሲይዝ፣ ያ አገልጋይ ሲጎድል አራቱም ሥራ ይጎድላል።

እሜቴም የደረሰባት ይኸው ነው። አንድ ሌሊት አንዲት እኅታችን በጽኑ ታመመች። በዚያ ሰዓት ከእሜቴ በቀር ሌላ መኪና አልነበረም። ጋሼ ብለን የምንጠራቸው ሹፌራችን አስነሥተው ሲሄዱ፣ ከዳገቱ ወገብ ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ግን አልራመድ አለች። ከእኛ መካከል ስድስቱ እኅታችንን በብርድ ልብስ አድርገን በጭቃው ተሸክመን ወደ ሐኪም አደረስናት። እርስዋም ድና ዛሬ በመካከላችሁ ተቀምጣለች፤ ይሁን እንጂ የዚያን ሌሊት መንገድ ርዝመት የተሸከምን ሁሉ እናውቀዋለን።

በማግስቱ የታየችበት ጋራዥ ሳይለካና ሳይፈታ «ካምቢዮው አልቋል፤ በሌላ ይቀየር» ሲል ፈረደ። የተጠራው ዋጋ የቤተ መጻሕፍታችንን ባዶ መደርደሪያዎች ሁሉ በመጻሕፍት የሚሞላ ነበር። እሜቴን ለቁርጥራጭ ብረት ለመሸጥም ምክር ተጀመረ። እኛም የፊዚክስ መምህራችንን አማላጅ አድርገን የሁለት ሳምንት ጊዜ ለመንን፤ ተፈቀደልንም። ጋሼም «ልጆቼ፣ መኪና እንደ በሬ ናት፤ ደክሞኛል ብላ ትነግራለች፤ የሚሰማት ካለ» አሉን።

የመጀመሪያው ሥራችን ስሕተት እንደ ነበር ሳንሸሽግ እንናገራለን። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጥተን ብናይ ዘይቱ ከምልክቱ በላይ ሆኖ አገኘነው። «ዘይትስ ሞልቷል» ብለን ደስ አለን። ሞተሩ ሲቆም በላይኛው ክፍል የነበረው ዘይት ወደ ታች ወርዶ መለኪያውን እንደሚያሞላ አላወቅንም ነበርና፣ ሁለት ቀን በከንቱ ሌላ በሽታ ስንፈልግ ቆየን። በሦስተኛው ቀን ከመኪናዋ ጋር የመጣውን የተቀዳደደ መጽሐፍ ከጋሼ ሣጥን አውጥተን አነበብን፤ አፈርንም።

ትክክለኛው አለካክ እንዲህ ነው። መኪናዋ ዘይቱ እስኪሞቅ ድረስ ጥቂት ትነዳለች። ከዚያም በደልዳላ ስፍራ ቆማ የእጅ ፍሬን ይያዛል። ሞተሩ ሳይጠፋ፣ እግር ከፍሬኑ ሳይነሣ፣ የማርሹ ዘንግ በየቦታው ጥቂት ጥቂት እየቆየ ሁሉን ዞሮ ወደ ማቆሚያው ይመለሳል። ሞተሩ እየሠራ መለኪያው ወጥቶ ክር በማይለቅ ንጹሕ ጨርቅ ይጠረግና፣ እንደ ገና ገብቶ ሲወጣ ዘይቱ በሙቅ ምልክቶቹ መካከል መታየት አለበት። በዚህ ዓይነት ስንለካ ከዘንጉ ጫፍ በቀር አልረጠበም! ምክንያቱን ስንፈልግም ወደ ራዲያተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ ማሰሪያ ላልቶ ዘይቱ ጠብታ በጠብታ ሲፈስ እንደ ኖረ አየን።

የዘይቱም መልክ ይናገራል። ጤነኛው ቀይና ጥርት ያለ ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ሳህኖቹ ተቃጥለዋል። ወተት እንደ ገባበት ሻይ ከደፈረሰ ደግሞ የራዲያተሩ ውኃ ገብቶበታልና መኪናዋ መነዳት የለባትም። የእሜቴ ዘይት ቡናማ ሆኖ ጥቂት ይሸት ነበር። ስለዚህ ቱቦውን አሥረን ዘይቱን ለወጥን። ከሥር ያለውን መያዣ አውርደን፣ በውስጡ ካለው ማግኔት ላይ እንደ አመድ የላመ የብረት ትቢያ አገኘን፤ ይህ የዕድሜ ምልክት ነው። የብረት ስብርባሪ ብናገኝ ኖሮ ግን የጋራዡ ፍርድ እውነት በሆነ ነበር። የወንፊት ፊልትሮውን አጥበን፣ ጓርኒሲዮኑን ለውጠን፣ ትንንሾቹን ቡሎኖች ፊትና ኋላ እያፈራረቅን በልክ አጠበቅን። የሚገባው ዘይት ዓይነት በመለኪያው ዘንግ ላይ ተቀርጿል፤ የሞተር ዘይት ምትኩ አይደለም። ዘይቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተለካ ይጨመራል፤ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ አረፋ ይሠራል፤ አረፋም ሳህን አይገፋም። ከዚህም ሌላ አንድ ጊዜ በመቅዳት የሚወጣው ከግማሽ ያነሰው ስለ ሆነ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ደግመን ለወጥን።

እሜቴ ተሻላት፤ በዳገት ግን አሁንም ትንሸራተት ነበር። የቀረው ነገር ከካርቡራተሩ ወደ ካምቢዮው የሚሄደው ቀጭን ካቦ ነበር። ይህ ካቦ ሹፌሩ የነዳጁን ፔዳል ምን ያህል እንደ ረገጠ ለካምቢዮው የሚያወራ መልእክተኛ ነው። ካቦው ከላላ ካምቢዮው ጭነቱ ቀላል ነው ብሎ ያስባል፤ የዘይቱ ግፊት ይቀንሳል፤ ሳህኖቹም ሳይጨብጡ እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ። ከጠበቀ ደግሞ ማርሹ ዘግይቶ በድንጋጤ ይገባል። በብዙዎቹ አሮጌ የቶዮታ ካምቢዮዎች ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ፣ በካቦው ላይ ያለችው ትንሽ ማቆሚያ ከጎማ ሽፋኑ ጫፍ ከ0 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ርቃ መታየት አለባት። አንዳችን ፔዳሉን ረግጠን ሌላችን በባትሪ ብንመለከት፣ የእሜቴ ማቆሚያ ከሽፋኑ ውስጥ ጨርሶ አልወጣችም። ሁለቱን ዳዶዎች ፈታን፤ ካቦውን ልኩ ላይ አድርሰን መልሰን አሠርን። ሥራው ከአንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ አላለፈም።

በአንዳንድ አሮጌ የአሜሪካ መኪኖች የካምቢዮው ቀበቶ ራሱ ከውጭ በቡሎን ይስተካከላል። እርሱም በመጽሐፉ በታዘዘው ኃይል ከጠበቀ በኋላ በታዘዘው ዙር ልክ ተመልሶ ይላላል። በግምት የጠመዘዘ ሰው ቀበቶውን ያቃጥላል። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል፤ እኛም ከመጠምዘዝ መማር ይቅደም እንላለን።

ጥገናው ግን ያለ አነዳድ ከንቱ ነው። ከሶዶ ወደ ሁምቦና ወደ አባያ ሐይቅ ዳርቻ በምንወርድበት ጊዜ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ፎሌ ማድረግ የሞተሩን መያዣ ኃይል ይነሣናል፤ ሸክሙም ሁሉ በፍሬኑ ላይ ወድቆ ፍሬኑ ይግላል። ስለዚህ በቁልቁለት ዘንጉን በ2 ወይም በዝቅተኛው ማርሽ ማድረግ ይገባል። በዳገትም ሰውና ዕቃ አለልክ መጫን ዘይቱን ያፈላዋል። መኪናዋ ፈጽማ ሳትቆም ከፊት ወደ ኋላ ማርሽ መለወጥም ጥርሶችዋን ማውለቅ ነው።

ክቡራን ሆይ፣ ይህን ሁሉ የምንናገረው ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወሰነ። እንግዲህ በቦዲቲ፣ በአረካና በሶዶ መንገድ ላይ የምናያቸው አሮጌ መኪኖች ምትካቸው በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። የሚያውቃቸውና የሚጠብቃቸው እጅ ያስፈልጋቸዋል። ያም እጅ የእኛ የወጣቶቹ ሊሆን ይገባል።

እሜቴን አዲስ አደረግናት ብለን አንመካም። የተቃጠለው ሳህን አልተመለሰም፤ እስከ ዛሬም ሦስተኛውን ማርሽ ስትይዝ ጥቂት ታመነታለች። ሆኖም ባለፈው የካቲት ሌላ ወንድማችን በሌሊት በታመመ ጊዜ፣ ያንኑ ዳገት ሳትቆም ወጣችው። እኛም ከኋላዋ ቆመን የመብራትዋን መራቅ ስናይ፣ ማንም እንዳይሸከም ስላደረግን ከፈተና ውጤት ሁሉ የበለጠ ደስ አለን።

እኛ ዘንድሮ ተሰናብተን እንሄዳለን። የመለኪያውን ጨርቅ፣ የተጠገነውን መጽሐፍና በየወሩ የዘይቱን ልክ የምንጽፍበትን ደብተር ለ11ኛ ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን እናስረክባለን። «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ነውና፣ በየወሩ መጀመሪያ ሞተሩን ሳታጠፉ ለኩ። እንድትገፉአትም ብትጠየቁ አትግፉአት፤ ባትሪ ፈልጉላት።