ስለ ቡድናችንና ስለ ቀትሩ ፀሐይ
(በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ የተነገረ)



ስለ እግር ኳስ ቡድናችን ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን እናመሰግናለን። የመጣነው ስለ ዋንጫ ልንናገር ሳይሆን ስለ ሰዓት ነው።

የአዋሽ አርባን ሙቀት ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ይሁን እንጂ በአካባቢያችን ውድድር ቡድናችን ደጋግሞ የሚጫወተው በቀትር ነው። ከእረፍት በኋላ እግር አይታዘዝም፤ ራስ ይዞራል፤ በረኛችንም የጎሉን ብረት በባዶ እጁ መንካት አይችልም። ይህ ስንፍና አይደለም። ሰውነት የሚቀዘቅዘው በላብ ነውና፣ የወጣው ላብ በውሃ ካልተተካ ልብ ያለ ልክ ይደክማል።

ሰኔ 22 ቀን 2006 ዓ.ም. በብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ሆላንድና ሜክሲኮ በፎርታሌዛ ሲጋጠሙ፣ ስለ ሙቀቱ ጨዋታው ቆሞ ተጫዋቾቹ ውሃ ጠጥተዋል። የሆላንዱ አሠልጣኝ ሉዊ ቫን ሃል በዚያች ዕረፍት አሰላለፉን ለወጠ፤ በ1 ጎል ተበልጦ የነበረው ቡድኑም 2 ለ 1 አሸነፈ። የአገራችንም ቡድን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደው ሁለት ጊዜ ከተመራ በኋላ፣ በተጨማሪው ሰዓት ነበር። መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን ጎል ሲያገባ የሚሮጥበት ጉልበት ነበረው። (እርግጥ ነው፣ አዲስ አበባ ደጋ ነው።)

ስለዚህ ጨዋታው ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ እንዲጀመር፣ በየአጋማሹም አንድ ጊዜ ለውሃ እንዲቆም ወላጆቻችን ለአዘጋጆቹ እንዲነግሩልን እንለምናለን። በረመዳን የሚጾሙ ጓደኞቻችን ግን በዚያች ዕረፍት አይጠጡምና፣ የዚያን ወር ጨዋታ ከዒድ በኋላ ማድረጉ ይሻላል። ጀሪካኑን ተሸክመን የምናመጣው እኛው ነን።