የቤተ መንግሥት የውሃ በር
(በኪዋቱሌ፥ ካምፓላ፥ ለመምህራን የተነገረ)



የታሪክ ትምህርት በብዙ ክፍሎች ዘንድ የነገሥታትን ስምና ዘመን በቃል በማስጠናት ይፈጸማል። ይሁን እንጂ ንጉሥ ማንን እንዳከበረና ምንን እንደ ፈራ ከዘመኑ ቍጥር ይልቅ የቤቱ በር ይናገራል፤ ይልቁንም በውሃ ዳር የተሠራ በር። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በለንደን በቴምዝ ወንዝ ዳር ላለው ግንብ ንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ ከ1275 እስከ 1279 ድረስ በወንዙ በኩል አዲስ በር አሠሩ። ይኸውም በጀልባ መጥተው በክብር ይገቡበት ዘንድ ነበር፤ ስለዚህ በላዩ የንጉሡ ማረፊያ ተሠራበት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ግን በወንዙ የሚመጡ እስረኞች ይገቡበት ጀመር፤ ስሙም «የከዳተኞች በር» ተባለ። ድንጋዩ ያው ነው፤ የተለወጠው የሚያልፍበት ሰው ነው።

በዚህችው በካምፓላ፥ በሜንጎ ኮረብታ አጠገብ፥ ሌላ ምሳሌ ይገኛል። በ1884 የነገሡት የቡጋንዳው ካባካ ሙዋንጋ 2ኛ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚያደርስ የውሃ መንገድ አስበው ሐይቅ አስቆፈሩ። አሳቡም ጠላት በየብስ ቢመጣ በውሃ ለመውጣት እንደ ነበረ ይነገራል። ነገር ግን ሥራው በግዴታ ስለ ሆነና ሹማምንቱ እንኳ ከቍፋሮው ስላልቀሩ ቅሬታው በረታ። በ1888 ካባካው ከዙፋናቸው ወረዱ፤ የውሃው መንገድም ሳይፈጸም ቀረ። ለማምለጫ የታሰበው በር ለውድቀታቸው አንዱ ምክንያት ሆነ።

የጎንደሩ ታሪክ ግን ከሁለቱም ይለያል። ከ1632 እስከ 1667 የነገሡት ዐፄ ፋሲለደስ ከተማቸውን በቀሐና በአንገረብ ወንዞች መካከል ቆረቆሩ። ከዋናው ግቢ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በቀሐ አጠገብ፥ በትውፊት የእርሳቸው ሥራ የሚባለው የፋሲል መዋኛ ይገኛል። በቅጽር በተከበበ ሰፊ ገንዳ ውስጥ ባለ ሁለት ደርብ ግንብ በቅስቶች ላይ ቆሟል። መግቢያው የድንጋይ ድልድይ ነው፤ የድልድዩም ከፊል በክፉ ቀን እንዲነሣ ሆኖ የተሠራ ነበር። ድልድዩ ሲነሣ ውሃው ራሱ ዘብ ይሆናል ማለት ነው።

ዛሬ ገንዳው አብዛኛውን ዓመት ደርቆ ይቆያል። ጥምቀት ሲቃረብ ግን ከቀሐ በቦይ እየመጣ ውሃ ይሞላበታል፤ የበዓሉ ዋዜማ «ከተራ» መባሉም ውሃን ከመክተር፥ ማለት ከመገደብ የመጣ ነው። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ በካህናት ዝማሬና በሕዝብ እልልታ ታጅበው ወደዚያ ይወርዳሉ፤ በማግሥቱም ውሃው ከተባረከ በኋላ ወጣቱ እየዘለለ ይገባበታል። አንድን ሰው ከሕዝብ ለይቶ ይጠብቅ የነበረው ውሃ ሕዝብን የሚሰበስብ ሆነ። ስፍራው ከፋሲል ግቢ ጋር በ1979 በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የኢትዮጵያ የጥምቀት በዓልም በ2019 ተመዝግቧል። ስለዚህ ቅርሱ ድንጋዩ ብቻ አይደለም፤ በዚያ በር የሚገባው ሕዝብም ነው እንጂ።

ከዚህ ለመምህር የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። በካምፓላ የሚያድግ የኢትዮጵያዊ ልጅ ቀሐን ላያውቅ ይችላል፤ የካባካን ሐይቅ ግን በእግሩ ሄዶ ያያል። መምህሩ ልጁን ከሚያየው አስነሥቶ ወደማያየው ሊያደርሰው ይገባል። ለዚህም ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ፤ በሩን ማን ሠራው? ማን ገባበት? ማንስ ተከለከለ? ለሦስቱም መልስ የሚሻ ተማሪ ንጉሡን ብቻ ሳይሆን ድንጋይ የተሸከመውንና ጭቃ የቆፈረውንም ያገኛል።

ስለዚህ በመምህራን ማሠልጠኛ ያለ እያንዳንዱ ዕጩ መምህር፥ በሚመደብበት ስፍራ ያለውን አንድ በር፥ ድልድይ ወይም መሻገሪያ መርጦ ታሪኩን ከሽማግሎች ጠይቆ ቢጽፍ ለትምህርት ቤቱ ትልቅ ሀብት ይሆናል። ነገር ግን ሥራው ቀጠሮ አይሰጥም፤ የሚናገሩለት ሽማግሎች ሲያልፉ በሩም ዝም ይላልና።