ውሳኔው እስኪመጣ፦ የአንዲት ጨቅላ ሞት፣ የጁሪ ዝምታና የደጃፍ ፍርድ
ለሕግና ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ቃል



ዛሬ የምናገረው ስለ ጥቂት ሰዓታት ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 1982፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 19 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ በአውስትራሊያ ሰሜናዊ ጫፍ በምትገኘው በዳርዊን ከተማ ዘጠኝ ወንዶችና ሦስት ሴቶች የሚገኙበት ጁሪ ለመምከር ወደ ዝግ ክፍል ገባ። እነዚህ አሥራ ሁለት ተራ ዜጎች የሚወስኑት፣ ሊንዲ ቻምበርሌይን የተባለች እናት የዘጠኝ ሳምንት ልጇን ገድላለች ወይስ አልገደለችም የሚለውን ነው። ተከሳሿ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ለመውለድ የቀራት ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ጁሪው በዚያው ዕለት ምሽት ተመልሶ «ጥፋተኛ ናት» አለ። እርሷ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት፤ ባሏ ማይክል ደግሞ ከድርጊቱ በኋላ ረድቷታል ተብሎ በገደብ የታለፈ የ18 ወር እስራት ተወሰነበት።

ጁሪው በገባበትና በወጣበት መካከል ያለውን ጊዜ የሕግ መጻሕፍት በአንድ መስመር ያልፉታል። እኔ ግን ከሙሉ ክርክሩ ይልቅ ይህ ጊዜ ያስተምረናል ባይ ነኝ። በዚያ ሰዓት ደጃፍ የቆመው ሕዝብ፣ በየቤቱ ራዲዮ የከፈተው ቤተሰብ፣ በየመጠጥ ቤቱ የሚከራከረው ሰው ሁሉ «ውሳኔ እየጠበቅሁ ነው» ይል ነበር። እውነቱ ግን አብዛኛው ከወሰነ ሁለት ዓመት አልፎታል። የሚጠብቀው ማኅተሙን ብቻ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ለማያውቁት ባጭሩ ልተርከው። ዓመታቱ ከዚህ በኋላ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። ኦገስት 17 ቀን 1980 ምሽት ቻምበርሌይኖች ከሦስት ልጆቻቸው ጋር በአውስትራሊያ መካከል በሚገኘው በታላቁ ቀይ ዐለት፣ በኡሉሩ፣ አጠገብ ድንኳን ተክለው ነበር። ሕፃኗ በድንኳኑ ውስጥ ተኝታ ሳለ ድምፅ ተሰማ። እናቲቱ ስትደርስ ዲንጎ የተባለው የአገሩ የዱር ውሻ ከድንኳኑ ሲወጣ አየሁ፣ ልጄን ወሰደብኝ ብላ ጮኸች። በአቅራቢያው የሰፈረች ሌላ ሴት የሕፃኗን ልቅሶ መስማቷን መስክራለች። ይህ ቃል ቀላል አይደለም፤ ዐቃቤ ሕግ በኋላ እንደተረከው ቢሆን ኖሮ ሕፃኗ በዚያ ሰዓት ሞታ መገኘት ነበረባት። የቦታው ዋና ጠባቂም ዲንጎዎች ሰውን መዳፈር እንደ ጀመሩ አስቀድሞ ለአለቆቹ በጽሑፍ አመልክቶ ነበር። የአገሬው ተወላጅ የሆኑ ዱካ አዋቂዎች በአሸዋው ላይ የዲንጎ ዱካ ተከትለዋል። አስከሬኑ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከሳምንት በኋላ ልብሷ ሲገኝ፣ እናቷ ከላይ ደርቤላት ነበር ያለቻት ትንሽ ሹራብ ብቻ ታጣች። ይህችን ሹራብ ልብ በሉልኝ።

በፌብሩዋሪ 1981 የአሟሟት ምርመራውን የመሩት ኮሮነር ዴኒስ ባሪት፣ ሕፃኗን የወሰዳት ዲንጎ ነው፣ ወላጆቿም ከደሙ ንጹሕ ናቸው ሲሉ ወሰኑ። ይህን ውሳኔያቸውን በቴሌቪዥን በቀጥታ እንዲተላለፍ አደረጉ፤ በአገሩ ታሪክ የመጀመሪያው ነበር። ምክንያታቸውም ግልጽ ነው፤ አሉባልታውን ለማስቆም ነው። አሉባልታው ግን አልቆመም። ጉዳዩ እንደገና ተከፈተ፣ ሁለተኛ ምርመራ ተካሄደ፣ እናቲቱም በግድያ ተከሰሰች።

እዚህ ላይ ስለ አሉባልታ ትንሽ ልቆይ። የቃሉ ሥር «አሉ» ነው። «አሉ» ባለቤት የሌለው ግሥ ነው፤ ማን እንዳለ ቢጠየቅ መልስ የለውም፣ ስለዚህ መስቀለኛ ጥያቄ ሊቀርብለት አይችልም። በአውስትራሊያ የተባለውን ስሙት። ቤተሰቡ የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት እምነት ተከታይ፣ አባትየውም ሰባኪ ነበሩ፤ አብዛኛው ሕዝብ ይህን እምነት ስለማያውቀው ልጅ ይሠዋሉ ተባለ። እናቲቱ ለሕፃኗ ጥቁር ቀሚስ ሰፍታላታለች፤ እናት እንዴት ለጨቅላ ጥቁር ታለብሳለች ተባለ። በመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ኢያዔል ሲሣራን ስትገድል የሚያሳይ ሥዕል አለ ተባለ፤ ይህ ሥዕል እስከ ፖሊስ ድረስ መነጋገሪያ ሆነ። ከሁሉ የሚገርመው ግን የስሟ ነገር ነው። የሕፃኗ ስም አዛርያ ነበር፤ ትርጉሙም «በምድረ በዳ የቀረበ መሥዋዕት» ነው ተብሎ በአገሩ ሁሉ ተወራ።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህን ስም ዛሬ የሚሰማ አንድም ሰው ያለ አይመስለኝም። ከእቶን እሳት የዳኑት ሠለስቱ ደቂቅ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ናቸው። በክብረ ነገሥትም ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ታቦተ ጽዮንን ይዞ የመጣው የካህኑ የሳዶቅ ልጅ አዛርያስ ነው። በዕብራይስጡ «እግዚአብሔር ረዳ» ማለት ነው፤ ከመሥዋዕትም ሆነ ከምድረ በዳ ጋር አንዳች ዝምድና የለውም። አንድ የስም መዝገብ ገልጦ ማየት ይበቃ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ በየቤቱ በሚገኝበት አገር ይህ ወሬ ያን ያህል ጊዜ መቆየቱ፣ ሕዝቡ ማረጋገጫ እንዳልፈለገ ያስረዳል።

ፍርድ ቤቱ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። ስሜቱ በበረታበት በአሊስ ስፕሪንግስ ፈንታ ክርክሩ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በዳርዊን እንዲሰማ የተደረገው ለዚህ ነው። ነገር ግን ወሬ ስንቅ ሳይዝ የሚጓዝ መንገደኛ ነው፤ ዳርዊን ቀድሞ ደረሰ። በችሎቱ ደጃፍ «ዲንጎው ንጹሕ ነው» የሚል ጽሑፍ የታተመበት ካናቴራ ይሸጥ ነበር። ይህን ካናቴራ የለበሰ ሰው በአንድ ሕፃን ሞት እየቀለደ መሆኑን ያሰበው አይመስለኝም። በጨቅላ ሞት ላይ ቀልድ የሚያስችለው፣ ሟቿን ረስቶ ክርክሩን እንደ ጨዋታ መከታተል ብቻ ነው።

ታዲያ ሕዝቡ በምን ፈረደ? በፊቷ። ሊንዲ ቻምበርሌይን በካሜራ ፊት ስትናገር ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም፤ ዲንጎ ሥጋን እንዴት ከልብስ እንደሚለይ ስትጠየቅ ሳታቅማማ ታስረዳለች። በየቀኑ ልብስ ቀያይራ ትመጣለች ተባለ። ብታለቅስ ትወና፣ ባታለቅስ ድንጋይነት ሆነባት። እኛ ከዚህ ነጻ ነን እንዳትሉኝ። በእኛ አገር ለሐዘን ሥርዓት አለው፤ ሙሾ ይወርዳል፣ ደረት ይመታል፣ ፊት ይነጫል፣ ያላለቀሰች እናት ለዓመታት ትነሣበታለች። ይሁን እንጂ ያው ቋንቋችን «ሆድ ይፍጀው» የሚል አነጋገርም አለው። እንባ የሌለው ሐዘን መኖሩን አባቶቻችንና እናቶቻችን ያውቁ ነበር ማለት ነው። ለቅሶ ቤት የምናውቀውን ችሎት ደጃፍ ለምን እንደምንረሳው እጠይቃለሁ።

በችሎቱ ውስጥ የነበረው ማስረጃስ? ዐቃቤ ሕግ ለግድያው መነሻ ምክንያት አላቀረበም፤ ማቅረብም አይጠበቅብኝም አለ። በአመዛኙ የተመካው በባለሙያ ምስክርነት ላይ ነው፤ በተለይም በቤተሰቡ መኪና ውስጥ የጨቅላ ሕፃን ደም ተገኝቷል በሚለው ምርመራ ላይ። ምርመራው የተሠራባቸው ሳህኖች አስቀድመው ስለ ተወገዱ የመከላከያው ባለሙያዎች ሊያዩአቸው አልቻሉም። ዳኛው ጀምስ ሚዩርሄድ ለጁሪው በሰጡት ማጠቃለያ የዲንጎውን ማስረጃ በጥንቃቄ ዘርዝረዋል፤ ያዳመጡ ብዙዎች በነጻ ትለቀቃለች ብለው ነበር።

አሁን ወደ ዝግ ክፍሉ እመለሳለሁ፤ ክርክሬ ያለው እዚያ ነውና። ጁሪ ምክንያት አይሰጥም። አንድ ቃል ወይም ሁለት ቃል ተናግሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የመከረበትም ነገር በምሥጢር ይጠበቃል። የእኛ ሥርዓት የተለየ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ዳኛው ማስረጃን የተቀበለበትንና ያልተቀበለበትን ምክንያት በፍርዱ እንዲያሰፍር ያዝዛል። የጁሪ ምሥጢራዊነት ጥቅም እንዳለው አልክድም፤ ዜጋው በቀልን ሳይፈራ እንዲወስን ያስችለዋል። ሆኖም የዝምታው ቦታ ባዶ ሆኖ አይቆይም። ጁሪው «ጥፋተኛ ናት» ብሎ ሲወጣ፣ በጥቁሩ ቀሚስ የፈረደው ሰው «ስለ ቀሚሱ ነው» አለ፤ በፊቷ የፈረደው «ስለ ፊቷ ነው» አለ። እያንዳንዱ የደጃፍ ፈራጅ የራሱን ምክንያት በጁሪው አፍ አኖረ፤ የሚከለክለውም አልነበረም። ይግባኝ ሰሚዎቹም ተቸግረዋል፤ አሥራ ሁለቱ የትኛውን ማስረጃ እንዳመኑ፣ የትኛውን እንደጣሉ ሊያውቁ አይችሉምና። በ1984 የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይግባኙን በሦስት ለሁለት ድምፅ ውድቅ አደረገው።

ሊንዲ ቻምበርሌይን ከውሳኔው ሦስት ሳምንት በኋላ በእስር ላይ ሳለች ሴት ልጅ ወለደች። በፌብሩዋሪ 1986 ከኡሉሩ ላይ ወድቆ የሞተ አንድ ጎብኚን አካል የሚፈልጉ ሰዎች በዲንጎ ጎሬዎች አካባቢ ያቺን ትንሽ ሹራብ አገኟት። እናቲቱ በቀናት ውስጥ ተፈታች። የተቋቋመው ንጉሣዊ አጣሪ ኮሚሽን፣ በመኪናው ውስጥ የጨቅላ ደም ነው ከተባለው ዋነኛው፣ ፋብሪካው ድምፅ ለማፈን የረጨው ቅጥራን መሰል ውሁድ መሆኑን አረጋገጠ። በ1988 የጥፋተኝነት ውሳኔው ተሻረ።

ይህን ሁሉ የአንድ አገር ወይም የአንድ ዘመን ሞኝነት አድርጎ መመልከት ይቀናናል። ስለዚህ ሁለተኛ ምሳሌ ልጨምር። በ1997 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ በካምብሪጅ፣ አንዲት የ19 ዓመት እንግሊዛዊት ሞግዚት የስምንት ወር ሕፃን ገድለሻል ተብላ በጁሪ ፊት ቀረበች። በዚህኛው ጉዳይ ብዙው ሕዝብ ያዘነው ለተከሳሿ ነው። በትውልድ መንደሯ ሰዎች ቢጫ ጥብጣብ አስረው በአንድ መጠጥ ቤት ተሰብስበው ውሳኔውን በቴሌቪዥን ጠበቁ። ጁሪው ጥፋተኛ አላት፤ ከቀናት በኋላ ዳኛው ግድያውን ወደ ቀለለ አንቀጽ ቀይረው በታሰረችባቸው 279 ቀናት እንድትለቀቅ አደረጉ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የሟቹ እናት የዓይን ሐኪም ነበረች፤ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ትሠራለች። በውሳኔው ዋዜማም ሆነ በኋላ «ልጇን ትታ ለምን ሥራ ሄደች?» የሚል የውግዘት ደብዳቤና ቃል ዘነበባት። በዳርዊን እናት ተከሳሽ ነበረች፤ በካምብሪጅ እናት ሐዘንተኛ ነበረች። የደጃፉ ጣት በሁለቱም ቦታ የተቀሰረው በእናት ላይ ነው። አባቶቹም ቢሆኑ አልተረፉም፣ ሚዛኑ ግን እኩል አልነበረም።

የአባቶቻችን አውጫጭኝ የሕዝብ ፍርድ አልነበረምን? ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ እንደሚኖር እገምታለሁ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። አውጫጭኝ ላይ ግን አገሬው በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ይምላል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ነገሩ እስኪወጣ ድረስም ሥራውን ፈትቶ ይቀመጣል። ጉድለቱ ብዙ ነው፤ እንዲመለስም አልመኝም። ይሁንና ተናጋሪው ለቃሉ ይከፍል ነበር፤ በጊዜው፣ በመሐላው፣ በጎረቤቱ ፊት በስሙ። ካናቴራ የገዛው ሰው የከፈለው የካናቴራውን ዋጋ ብቻ ነው።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ባለበት ጊዜ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ተማሪዎቼ ይህን ግዴታ በዳኛና በመንግሥት ላይ ብቻ የተጣለ አድርገው ያነቡታል፤ በሕጉ ቋንቋ ትክክል ናቸው። ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ግን አንድ የቤት ሥራ እሰጣለሁ። ዛሬ በአገራችን የሕፃን ሞት ዜና ሲወጣ፣ የተጠርጣሪዋ ፎቶግራፍ ከክስ መመሥረቱ በፊት ይሠራጫል፤ ከሥሩም «አታለቅስም እኮ» የሚል አስተያየት ይከተላል። ያን አስተያየት ቁጠሩት፤ ከዚያ ስለ ማስረጃ የሚናገረውን ቁጠሩና አወዳድሩ።

በመጨረሻ ስለ ደብዳቤዎቹ። ለሊንዲ ቻምበርሌይን በእነዚያ ዓመታትና ከዚያ በኋላ ከሕዝብ የተጻፉላት ከ20,000 የሚበልጡ ደብዳቤዎች ዛሬ በካንቤራ በአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። እርሷ ራሷ ስድቡንም ማጽናኛውንም ሳትጥል ለይታ አኑራዋለች። ከመካከላቸው ከዓመታት በኋላ «ፈርጄብሽ ነበር» ብለው ይቅርታ የሚጠይቁ አሉ። ጁሪው ያልጻፈውን ምክንያት ሕዝቡ በገዛ እጁ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ቴምብር ለጥፎ ልኮታል። የሕዝብን ስሜት ለማጥናት ከዚህ የበለጠ ማኅደር አላውቅም። በጁን 2012 ኮሮነር ኤልዛቤት ሞሪስ አዛርያን የወሰዳት ዲንጎ መሆኑን በይፋ አስታወቁ፤ ለወላጆቿም የሞት ምክንያቷን በትክክል የሚገልጽ የሞት የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። ከዚያች ሌሊት 32 ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር።