ብርሽን አልይዝልሽም፣ አብሬሽ እቆጥራለሁ

(ዓርብ ዕለት ማህቡላ በተደረገው የማህበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

በሳምንት አንድ ቀን የምታገኟትን እረፍት ትታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከሩቅ በአውቶቡስ ተሳፍራችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ኮሚቴው «ስለ ገንዘብ ምክር ተናገሪ» ሲለኝ ሳቅሁ። ከአሥረኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፣ ባንክ ቤት ሠርቼ አላውቅም፣ እንደ አብዛኞቻችሁ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ግን ላለፉት ሦስት ዓመታት ከሠላሳ በላይ እህቶች ጋር ደብተር ከፍተን ተቀምጠናል። ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚያ ሥራ ነው። ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን ሌላ ሰው እንደሚያስፈልገን።

እንዴት እንደገባሁበት ባጭሩ ልናገር። ወደ ኩዌት ስመጣ አባቴ ለጉዞዬ በወለድ ተበድሮ ነበር። የገባሁበት የመጀመሪያው ቤት አምስት ወር ደሞዝ አልከፈለኝም። ወለዱ ግን እኔን አልጠበቀም፣ በየወሩ ይጨምራል። ሁለተኛ ቤት ስገባ ደሞዜ 70 ዲናር ሆነ። ያኔ ዓርብ ዓርብ የማገኛት አንዲት ታላቅ እህታችን ደብተር ገዝታ ሰጠችኝና «ዕዳሽን ጭንቅላትሽ ውስጥ አትያዢው፣ ጻፊው» አለችኝ። ጻፍኩት። ለማን፣ ስንት፣ በስንት ወለድ። ዕዳው ስለተጻፈ አልቀነሰም፤ ግን መጨረሻ እንዳለው አየሁ። 35 ዲናር ለዕዳ፣ 15 ለቤተሰብ፣ 10 ለእቁብ፣ 10 ለራሴ አልኩ። እቁቡ 12 ሰው ነበረው፤ ዕጣው ሲደርሰኝ 120 ዲናሩን እንዳለ ለዕዳው ላክሁት። በ16ኛው ወር አባቴ የብድሩን ወረቀት ተቀብሎ ቀደደው። ከዚያ እህቶች «እንዴት አደረግሽው?» እያሉ መጡ፤ እኔም ደብተሬን አሳየኋቸው። አማካሪነቴ የጀመረው እንዲህ ነው።

የሥራው የመጀመሪያ ደንብ ይሄ ነው፦ አማካሪ የሰው ገንዘብ አይይዝም። ብዙዎቻችን የምናድረው አሠሪ ቤት ነው፣ ያለን አንድ ሻንጣ ነው። ስለዚህ ከሁለት ሦስት ቀጠሮ በኋላ «አንቺ ጋ ይቀመጥልኝ» የማትል የለችም። እንቢ እላለሁ። ነገ በድንገት ወደ አገር ብላክ፣ ወይ ሆስፒታል ብገባ፣ የሰው ላብ ከኔ ጋር ይሄዳላ! ደግሞም ገንዘቧን የያዝኩባት እህት እውነቱን አትነግረኝም፣ ትፈራኛለች። አልይዝም፣ አላበድርም፣ የሰማሁትን አላወራም፣ አላስከፍልም፣ የምሸጠውም ነገር የለኝም። «ገንዘብሽን በእጥፍ አደርግልሻለሁ» የሚል ሰው ሲመጣ፣ «ሦስት ሰው ካመጣሽ» የሚልም ሲመጣ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን ሴት አስቡ።

ሁለተኛው አራት ጥያቄ ነው። ከዚህ በላይ ዕውቀት የለኝም፤ አራቱን ግን በደንብ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፦ ደሞዝሽ ስንት ነው፣ በስንት ቀን ደረሰሽ? የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 68፣ በፈረንጅ 2015 የወጣው ማለት ነው፣ ደሞዝ በየወሩ መጨረሻ ይከፈል ይላል። ዝቅተኛው ደሞዝ በ2016 60 ዲናር ተብሎ ተወስኗል። ከዘገየ ለእያንዳንዱ ወር 10 ዲናር ይታሰባል። በዓመት የ30 ቀን እረፍት ከነደሞዙ፣ ኮንትራት ስትጨርሺ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደሞዝ ይገባሻል። በ70 ዲናር ሁለት ዓመት የሠራች 140 ዲናር መሆኑ ነው። ይሄን «የማማ ስጦታ» የምትሉ አላችሁ። ስጦታ አይደለም እኮ፣ የሠራሽበት ነው። ስለዚህ ደብተሩ ላይ «የሚመጣ» ብለን እንጽፈዋለን። ደሞዝ የደረሰበትንም ያልደረሰበትንም ቀን እንጽፋለን። ነገሩ ወደ ሰው ኃይል ባለሥልጣን ቢሄድ፣ ቀን ያላት ሰው ንግግሯ ይያዝላታል።

ሁለተኛ፦ ለማን ስንት ዕዳ አለብሽ? የዘመድ ዕዳ ያሳፍራል፣ የወለዱ ዕዳ ግን ይበላል። ስለዚህ ቅድሚያ ወለድ ላለው ነው። ዘመድን ደውለሽ «እስከዚህ ወር ታገሱኝ» ማለት ይቻላል፤ ወለድን ታገሰኝ ማለት አይቻልም።

ሦስተኛ፦ ወደ ቤት ስንት ይሄዳል፣ ለምን? እዚህ ጋ ብዙ ጊዜ ዕንባ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ዲናርም አብሮ ወጣ። አገር ቤት ያለው ሰው የሚያየው የብሩን ብዛት ነው፣ «አለፈላት» ይላል። ዘይቱም ልብሱም አብሮ ወጥቷል፣ ጥያቄውም ጨመረ። የኛ ደሞዝ ግን ያው 70 ዲናር ነው። ስለዚህ እህቶች ከቤተሰብ ጋር በብር ሳይሆን በደሞዝ ድርሻ እንዲያወሩ እመክራለሁ። «እማዬ፣ ከደሞዜ ግማሹ የናንተ ነው፣ በወር አንዴ ይደርሳችኋል፣ ለቀሪው ሥራ አለኝ።» ይሄ ቃል ደሞዝ ከመግባቱ በፊት፣ ረጋ ብላችሁ ባለበት ቀን በኢሞ መነገር አለበት። ታምሜያለሁ የሚል ስልክ ከተደወለ በኋላ ማንም ቁጥር ማውራት አይችልም።

ስትልኩ ደግሞ በወር ሦስቴ ከመላክ አንዴ ላኩ፤ ክፍያው በየመላኪያው ነው። ሁለት ሦስት ላኪ ቤት ገብታችሁ «ክፍያው ተቀንሶ እናቴ እጅ ስንት ብር ይደርሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። የምታወዳድሩት ያንን መልስ ነው።

አራተኛ፦ በራስሽ ስም ምን አለ? ስምንት ዓመት የሠራች አንዲት እህት ይሄን ስጠይቃት ብዙ ዝም አለች። ቤት ተሠርቷል፣ በወንድሟ ስም። ባጃጅ ተገዝቷል፣ በእህቷ ባል ስም። በሷ ስም ያለው ሲቪል አይዲዋ ብቻ ነበር። ወንድሟን ሌባ አላልኳትም፣ አላውቀውማ። ያደረግነው፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ አገር ቤት በስሟ በተከፈተ ሒሳብ 15 ዲናር እንዲገባ ነው። አሁን ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ውክልና ስትሰጡም «መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝ» የሚሉትን ቃላት ፈልጋችሁ አንብቡ። ቤት እንዲያሠራልሽ የወከልሽው ሰው እንዲሸጥልሽም የግድ መወከል የለበትም። ውክልና ይሻራል፤ ኤምባሲ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ስለ እቁብም አንድ ነገር ልጨምር። እቁብ ወለድ የሌለው ብድር ነው፣ ቀድሞ ለደረሰው ብድር፣ መጨረሻ ለደረሰው ቁጠባ። አገር ቤት ዳኛው የሁሉንም ቤት ያውቃል። እዚህ ግን ሰው በአንድ ሌሊት ትኬት ተቆርጦለት ይሄዳል። ስለዚህ በኛ እቁብ ሁለት ደንብ አለን። የእቁቡ ዕድሜ ከመካከላችን ቶሎ ከሚያልቀው ኮንትራት አይበልጥም። ዕጣ የወጣላትም ዋስ ሳታቆም አትቀበልም። በዚህ ደንብ እስካሁን ያልደረሳት ሰው የለችም።

ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ገንዘብም አትርሱ። በ2020 በኮሮና ጊዜ ማህቡላና ጅሊብ ከኤፕሪል እስከ ጁላይ ተዘግተው እንደነበር የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ሥራ የቆመባቸው ሰዎች የቤት ኪራይና ምግብ ይዟቸው ነበር። በወር 5 ዲናር ትንሽ ናት፤ በሁለት ዓመት 120 ዲናር ናት።

ይሄ ሥራ የኛ ፈጠራ ብቻ አይደለም። ሲንጋፖር ውስጥ አይዳ የሚባል ድርጅት ከ2006 ጀምሮ ለቤት ሠራተኞች ስለ ገንዘብ አያያዝ ያስተምራል፣ በእረፍታቸው በእሑድ። ሆንግ ኮንግ ውስጥም ኢንሪች የሚባል አለ። ተማሪዎቹ በብዛት የፊሊፒንስና የኢንዶኔዥያ ሴቶች ናቸው፣ እንደኛው ልጅ ትተው የወጡ። እነሱ ክፍልና አስተማሪ አላቸው። እኛ ዓርብና ደብተር አለን፣ ለመጀመር ይበቃናል።

ስለዚህ የመጣሁበት ልመና ይሄ ነው። እኔ ብቻዬን በአንድ ዓርብ ከሁለት ሰው በላይ አልችልም። የሚጠብቁ አሥራ አንድ እህቶች አሉ፣ ሦስቱ ኮንትራታቸው ዘንድሮ ያልቃል። ባዶ እጃቸውን ቢመለሱ ደላላው እንደገና በር ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቃቸው። ዕዳችሁን ከፍላችሁ የጨረሳችሁ፣ ምስጢር የምትይዙ አራት ሰዎች እፈልጋለሁ። ሒሳብ መደመርና መቀነስ ይበቃል። ለሦስት ዓርብ አጠገቤ ትቀመጣላችሁ፣ ከዚያ በራሳችሁ ትሠራላችሁ።

መጠየቅ የምትፈልጉም በሚቀጥለው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኑ። ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ፣ ካላችሁም የደሞዝና የመላኪያ ደረሰኝ ጨምራችሁ። ብራችሁን ግን ቤት አስቀምጡት።